«የሞተር ነርቭ» ወይስ አንቀሳቃሽ ነርቭ? በአንድ የሕክምና ትርጕም ረቂቅ ላይ የቀረበ ሒስ

አስተያየት እንድንሰጥበት በቅርቡ አንድ የትርጕም ረቂቅ ደርሶናል። ረቂቁ ጡንቻን የሚያዙት ነርቮች እየሞቱ በሚሄዱበት ሕመም ምክንያት በአንጎል ላይ የሚደርሰው ለውጥ በኤም አር አይ መሣሪያ እንዴት እንደሚጠና ለታማሚዎችና ለቤተሰቦቻቸው ለማስረዳት የታሰበ ነው። ተርጓሚው ብዙ እንደ ደከመበት ከያንዳንዱ ገጽ ይታያል፤ የዐረፍተ ነገሩም አወራረድ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ከስያሜዎቹ አንዳንዶቹ ዋናው ጽሑፍ ያላለውን የሚያሰሙ ሆነው አግኝተናቸዋል።

ከርእሱ እንጀምር። «የሞተር ነርቭ በሽታ» ይላል። ሞተር በአማርኛ የመኪና፣ የወፍጮ፣ የውሃ መሳቢያ ሞተር ነው። ቃሉ በላቲን «አንቀሳቃሽ» ማለት መሆኑ ለአማርኛ አንባቢ ከቶ አይታየውም፤ «አንቀሳቃሽ ነርቭ» ማለት እየተቻለ ሰውነትን ባለ ሞተር ማድረግ አላስፈለገም ነበር። ከዚህ የከበደው ግን «የአእምሮ ምስል» የሚለው ነው። አንጎል አካል ነው፤ አእምሮ ግን አእመረ ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ፣ ዕውቀትንና ማስተዋልን የሚያመለክት ስም ነው። «በአእምሮው ላይ ለውጥ ታይቷል» የተባለ ቤተሰብ የሚሰማው ነገር እጅና እግርን የሚያዘው የአንጎል ክፍል መጎዳቱን አይደለም፤ አባታቸው ልባቸውን መሳታቸውን ነው። በዚህ ሕመም ከተያዙት ከፊሎቹ በእርግጥ የማሰብና የጠባይ ለውጥ ይደርስባቸዋል። ሁለቱን ቃላት ለይቶ መያዝ ይበልጥ የሚያስፈልገውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ አለዚያ ያኛው ለውጥ በደረሰ ጊዜ መጠሪያ ያጣል።

የሕመሙን ሌላ ስም፣ አሚዮትሮፊክ ላተራል ስክሌሮሲስን፣ ያወጣው በፓሪስ የሳልፔትሪየር ሆስፒታል ሐኪም የነበረው ሻርኮ ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1874 ነበር። ሻርኮ የሰየመው ከሞት በኋላ በተደረገ ምርመራ ያየውን ነው፤ ይኸውም የጡንቻን መመንመንና የኅብለ ሰረሰርን የጎን ክፍሎች መጠጠር ነው። ረቂቁ የግሪኩን ቃል በየክፍሉ ፈትቶ «የጡንቻ ምግብ ማጣት» ብሎታል። በሥረወ ቃል ፍቺ ስሕተት የለበትም፤ ይሁን እንጂ ይህን ያነበበች ሚስት ለባሏ ሥጋና ወተት ማብዛት መድኀኒት ይመስላታል። «መመንመን» የሚለውን ቃል ሕዝቡ ራሱ ለሚከሳ እጅና እግር ይናገረዋል፤ ምነው ታለፈ?

ትልቁ ችግር ያለው ግን ስለ ምስሉ በሚናገረው ክፍል ነው። ባሰርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1994 ያቀረቡት ስልት የውሃ ሞለኪውሎች በአንጎል ውስጥ ወዴት ወዴት እንደሚቅበዘበዙ ይለካል። ውሃው በነርቭ ጭረቶች ርዝመት በቀላሉ ይሄዳል፤ ጭረቶቹን አቋርጦ ለማለፍ ግን ይቸገራል። የዚህ ወደ አንድ አቅጣጫ የማድላት መጠን ከ0 እስከ 1 ባለው ቍጥር ይገለጻል። ከአንጎል ቅርፊት ወደ ኅብለ ሰረሰር በሚወርደው የነርቭ መስመር ላይ ቍጥሩ በታማሚዎች ዘንድ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ረቂቁ ስልቱን «የሥርጭት ምስል» ይለዋል። ሥርጭት በሕክምና አማርኛ የበሽታ ሥርጭት ነው፤ ስለዚህ አንባቢው የሚረዳው ሕመሙ እስከ የት እንደ ተዛመተ የሚያሳይ ካርታ እንደ ተነሣ ነው። እኛ ሰረገ ከሚለው ግሥ «ስርገት» የሚለውን እንመርጣለን። «ሰርጎ ገብ» የሚባል ክፉ ዘመድ እንዳለው አንስተውም፤ ቢሆንም የውሃን ነገር ሲያነሣ የሚያሳስት አይደለም።

«ምስል ማንሣት» የሚለውም ጥንቃቄ ይሻል። ፎቶግራፍ እንደምንነሣ ሁሉ ራጅም እንነሣለን፤ የስርገት ምስል ግን ከልኬት በስሌት የተሠራ ነው። ቍጥሩ ዝቅ አለ ማለትና ጭረቱ ሲሞት ታየ ማለት ሁለት ነገር ነው። ረቂቁ በሁሉም ስፍራ «ታየ» ይላል፤ አብዛኛውን ቦታ «ተለካ» ወይም «ተሰላ» ቢባል በተገባው ነበር።

የመጨረሻው ነጥብ የስያሜ ሳይሆን የሰዋስው ነው፤ ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበንም እርሱ ነው። አማርኛ ወልን በነጠላ መግለጽ ይወዳል፤ «ገበሬው አረሰ» ብለን ገበሬዎችን ሁሉ እንናገራለን። ተርጓሚውም በዚሁ ልማድ «በሕመምተኛው አንጎል ይህ ለውጥ ይገኛል» ብሏል። ጥናቶቹ የሚሉት ግን የታማሚዎች ቡድን አማካይ ከጤነኞች ቡድን አማካይ ይለያል ነው፤ የአንዱን ሰው ምስል ብቻ አይቶ ሕመሙ አለበት ወይም የለበትም ለማለት ይህ አይበቃም። ሐኪሙ ዛሬም ቢሆን በአካል ምርመራና በጡንቻ የኤሌክትሪክ ልኬት ነው የሚፈርደው፤ ተራው ኤም አር አይ በዋናነት የሚያገለግለው እንደ አንገት አከርካሪ መጨናነቅ ያሉ ሌሎች ምክንያቶች አለመኖራቸውን ለማረጋገጥ ነው። እንግዲህ ምስሉ ደኅና ነው የተባለ ሰው ረቂቁን አንብቦ ከሕመሙ ነጻ ነኝ ቢል ጥፋቱ የማን ይሆናል?

«ሕመምተኛው» የሚለው በተጻፈበት ሁሉ «በተጠኑት ታማሚዎች በአማካይ» ተብሎ እንዲታረም ምልክት አድርገን ረቂቁን መልሰናል። ዐረፍተ ነገሩ ይረዝማል፤ ይርዘም።