የመቅደላ ሥዕሎችና የጎያ የመዳብ ቅርጽ

ስለ ወሎ የሚጽፉ ተማሪዎች፥ በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ በዘመተ ጊዜ በአውሮጳ ጋዜጦች የወጡትን ሥዕሎች እንደ ዐይን ምስክር አድርገው ማቅረብ ይወዳሉ። ይህም ሥዕሎቹ እንዴት እንደ ተሠሩ ካለመመርመር የመጣ ነው።

ኢለስትሬትድ ሎንዶን ኒውስ በክሪሚያ ጦርነት ሥዕሎቹ የታወቀውን ዊልያም ሲምሰንን ወደ ኢትዮጵያ ልኮ ነበር። ኾኖም የሠዓሊው ንድፍ በቀጥታ አይታተምም፤ ሎንዶን ሲደርስ በጠንካራ እንጨት ላይ ይገለበጣል። እንጨቱ በቡሎን ከተጋጠሙ ቁራጮች የተሠራ ስለ ኾነ፥ ሥራው እንዲፈጥን ቁራጮቹ ተፈታተው ለልዩ ልዩ ቀራጮች ይታደላሉ። አንዱ ሰማዩን፥ አንዱ ገደሉን፥ ሌላው የሰውን ፊት ይቀርጻል፤ መቅደላን ግን አላዩም። መስመራቸው የአንድ እጅ እንዲመስል ስለሚገደዱ፥ የፈረሱ ጋማ፥ የወታደሩ ልብስና የአምባው ድንጋይ በአንድ ዐይነት ጭረት ይሞላሉ።

ከዚያ ውጊያ 5 ዓመት ቀደም ብሎ፥ በ1863 እ.ኤ.አ.፥ የስፓኙ ሠዓሊ ፍራንሲስኮ ጎያ ስለ ጦርነት መከራ የሠራቸው 80 የመዳብ ቅርጾች በማድሪድ ታትመዋል፤ ጎያ ከሞተ 35 ዓመት ኾኖት ነበር። በዚህ ጥበብ መዳቡ በሰም ይለበጣል፤ ሠዓሊው ራሱ ሰሙን በመርፌ ይጭራል፤ አሲዱም የተጫረውን ይበላል። (አታሚዎቹ ቀለም ማብዛታቸው ግን አልቀረም።) በ26ኛው ሥዕል ገዳዮቹ ፈጽሞ አይታዩም፤ ሳንጃቸው ብቻ ከቀኙ ጠርዝ ብቅ ይላል፤ የሚሞቱት መካከሉን ይዘዋል። ፍርሃቱን የሚናገረው የመስመሩ መንቀጥቀጥና ባዶ የተተወው ጨለማ ነው። የጋዜጣው ቀራጭ ባዶ ቦታ መተው አልተፈቀደለትም፤ ሁሉንም አጥርቶ ማሳየት ግዴታው ነበር። ስለዚህ የማያውቀውን ከልማዱ ይሞላዋል፤ ለብሔረሰብ ጥናት አደገኛው ነገር ይኸው ነው። በደንብ የተቀረጸ የሹሩባ አሠራር ወይም የጎጆ ክዳን የወሎን ሳይኾን የሎንዶንን መሥሪያ ቤት ልማድ ሊያሳይ ይችላል።

ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን፥ በትንሣኤ ማግስት፥ በሽጉጥ ራሳቸውን ሲገድሉ፥ የብሪቲሽ ሙዚየም መልእክተኛ ሪቻርድ ሆምስ የሬሳውን ፊት ነድፏል። ይህን ንድፍ ከጋዜጣ ሥዕሎች ጋር አንድ አድርጎ መቍጠር አይገባም፤ ሠዓሊው ከፊቱ ያለውን አይቶ ሠርቷልና። አብሮ የዘመተው የእንግሊዝ መሐንዲሶች ጦር ያነሣቸው ፎቶግራፎችም ለአምባውና ለቤቶቹ የተሻሉ ማስረጃዎች ናቸው። ነገር ግን የዚያ ዘመን መሣሪያ የሚንቀሳቀሰውን ለመያዝ ስለማይችል፥ ሚያዝያ 3 ቀን በእሮጌ የተደረገው ውጊያ ለቀራጮቹ እጅ ቀርቷል።