«አልወለድም» እና የልደት ዕጣ

አቤ ጉበኛ በ1955 ዓ.ም. ያሳተመው «አልወለድም» በማኅፀን ሳለ ወደዚህ ዓለም መውጣትን እምቢ ያለ ፅንስ ታሪክ ነው። መጽሐፉ በጊዜው ቢታገድም ክርክሩ አልሞተም። እኔ የማደንቀው የተናጋሪውን ምርጫ ነው። ድኻውን «ስላልሠራ ነው» ብሎ መውቀስ ቀላል ነው፤ ባልተወለደ ሕፃን ላይ ግን ምን ስንፍና ይገኝበታል?

መንግሥት ዕድልን እኩል ላድርግ ቢል ትጉሁን ከሰነፉ ጋራ ያስተካክላል የሚሉ አሉ። ነገር ግን እኩል ይሁን የምንለው ዘሩ ነው እንጂ መከሩ አይደለም።

ለዚህ ምሳሌ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ1900 ዓ.ም. የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ዛሬም በአራዳ ይገኛል። ሆኖም ፒያሳ ላይ ሊስትሮ እየሠራ እናቱን የሚረዳ ልጅ በሩ ስለ ተከፈተ ብቻ አይገባም፤ እስከ በሩ የሚያደርሰው ያስፈልገዋል። የአዲስ አበባ አስተዳደር በ2012 ዓ.ም. የጀመረው የተማሪዎች ምገባ በዚህ መንገድ አንድ እርምጃ ነው። ይህም ምጽዋት ሳይሆን ዕዳ ነው፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት ለትምህርትና ለጤና በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ያስገድደዋልና።

ስለዚህ፥ ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ከመጽሐፉ ርእሱን ብቻ ይዘህ አትቅር። እምቢታ በደልን ያሳያል እንጂ አያቀናም። «አልወለድም» ማለት ለተወለደ ሰው አይሆንም፤ ለእርሱ የሚሆነው፥ ሕዝብ የመረጠው መንግሥት ዕዳውን እንዲከፍል ሳይታክት መጠየቅ ነው። የድኻ ልጅ ዕጣውን አልመረጠም፤ መንግሥቱን ግን አድጎ ይመርጣል።