የአርል አበቦች

ድኅረ ኢምፕሬሽኒዝም፣ ማለትም የብርሃንን ቅጽበታዊ መልክ ከመቅዳት አልፎ ቀለምን የስሜት መግለጫ ያደረገው የሥዕል ፈለግ፣ ካፈራቸው ሥራዎች መካከል ቪንሰንት ቫን ጎህ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1888 በደቡብ ፈረንሳይ በአርል ከተማ የሣለው፣ መንገድ የሚያልፍበት የአበባ አትክልት ሥዕል ልዩ አድናቆት ይገባዋል። ሠዓሊው እያንዳንዱን አበባ በቅርጹ ከመዘርዘር ይልቅ ደማቅ የዘይት ቀለሞችን በነጠብጣብና በአጫጭር ጭረት ጎን ለጎን ስላሳረፈ፣ ተመልካቹ የአበባውን ዓይነት ከመለየቱ በፊት የበጋው ፀሐይ ሙቀት ይሰማዋል። ቫን ጎህ የአርልን አትክልቶች በመቃ ብዕር፣ የኢትዮጵያ ብራና ጸሐፊዎች ጠንቅቀው በሚያውቁት መሣሪያ፣ ጭምር ነድፏቸዋል፤ ንድፎቹ ውብ ቢሆኑም፣ ቀለሙ ሲቀር ምን ያህል ፀሐይ አብሮ እንደሚቀር የሚታወቀው ሥዕሉ ከእነርሱ ጋር ሲነጻጸር ነው። ሥዕሉ በኔዘርላንድ፣ በሄግ ከተማ ኩንስትሙዚየም ይገኛል።