ርእስና ልብ ሰቀላ፤ ደብረ ማርቆስ ላይ በኅብረት ከተነበቡ ጥቂት ልብወለዶች በመነሣት

ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝ ሽፋኑም የመጨረሻ ቅጠሎቹም የሌሉት አንድ መጽሐፍ ነው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ጥቂት የመጻሕፍት ወዳጆች በየአሥራ አምስት ቀኑ እሑድ ከሰዓት በኋላ በአንዳችን ቤት እየተሰበሰብን ያነበብነውን እንጨዋወታለን፤ ከቡናው በኋላም መጽሐፍ እንዋዋሳለን። መምህራንና ተማሪዎች አሉን፤ አንድ የባንክ ሠራተኛ አለን፤ ዕድሜያቸውን በቅኔ ማስተማር ያሳለፉ አንድ መሪጌታም አሉን። ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ የተገዛው ያ መጽሐፍ የወንጀል ምርመራ ታሪክ ነው፤ ከእንግሊዝኛ መተርጐሙን ከገጸባሕርያቱ ስም ተረዳን። ርእሱን የሚያውቅ አልተገኘም፤ ገዳዩ ማን እንደሆነ የሚናገሩት ገጾችም የሉም። ለአምስት እየተቀባበልን አነበብነውና ፍርዳችንን ስንሰጥ አራታችን በአንድ ሰው ላይ ተስማማን። መሪጌታው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እናንተ የያዛችሁት ሰሙን ነው» አሉን። «ደራሲው አራት ሰው በአንድ ጊዜ እንዲያየው ያስቀመጠውን ነገር ወርቅ አይሉትም።»

ከአምስታችን ማን ትክክል እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ለእኔ ግን ሌላ ጥያቄ አመጣብኝ። መጨረሻው የጠፋ መጽሐፍ ይህን ያህል ካነጋገረን፣ መጨረሻው አስቀድሞ የታወቀ መጽሐፍስ ልብ መስቀል ይችላልን?

በሥነጽሑፍ ትምህርታችን ልብ ሰቀላን የምናስተምረው ከሴራ ጋር አያይዘን ነው። ተማሪው በፈተና ወረቀቱ ላይ «ደራሲው መረጃ በመደበቅ የአንባቢውን ጉጉት የሚያንርበት ዘዴ» ብሎ ይጽፋል፤ እኛም ሙሉ ማርክ እንሰጠዋለን። ትርጓሜው ስሕተት ባይሆንም ጎዶሎ ነው። ኤድጋር አለን ፖ እ.ኤ.አ. በ1841 መንገዱን ከጠረገለት ከወንጀል ምርመራ ልብወለድ ጋር በደንብ ይስማማል። ማሞ ውድነህ ከተረጐሟቸው የስለላ ታሪኮችና ይልማ ሀብተየስ በአማርኛ ከጻፋቸው የወንጀል ልብወለዶች ጋርም ይሄዳል፤ እነዚህ ራሳቸውን የቻለ ጥናት ስለሚገባቸው እዚህ አልቆይባቸውም። የፊልም ሰው የነበረው አልፍሬድ ሂችኮክ ግን ድንጋጤንና ልብ ሰቀላን ይለያቸው ነበር። ጠረጴዛ ሥር ቦምብ እንዳለ ተመልካቹ ሳያውቅ ቢፈነዳ ያ ድንጋጤ ነው። ተመልካቹ እያወቀ፣ ጠረጴዛውን ከበው የተቀመጡት ሰዎች ሳያውቁ ወሬያቸውን ቢቀጥሉ ግን ያ ልብ ሰቀላ ነው።

በዚህ ዐይን ስናይ የአማርኛ ልብወለድ ገና ከመነሻው ልብ ሰቃይ ነበር ለማለት ይቻላል። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ባሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» ጦቢያ ወንድ መስላ ስትጓዝ አንባቢው ልጅቱን ያውቃታል፤ የማያውቋት አብረዋት ያሉት ሰዎች ናቸው። ጭንቀታችንም የሚመነጨው ከማወቃችን ነው።

እስቲ አሁን ሦስት ርእሶችን ጎን ለጎን እናስቀምጥ። «ፍቅር እስከ መቃብር»፣ «ወንጀለኛው ዳኛ»፣ «ኦሮማይ»። በ1902 ዓ.ም. ከደብረ ማርቆስ ብዙ ሳይርቅ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት የተወለዱት ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ሲያወጡ መጨረሻውን በርእሱ ላይ ጽፈውታል። ሁለተኛውን በ1974 ዓ.ም. ሲያሳትሙም ወንጀለኛውን ሽፋኑ ላይ አስቀመጡት። የምርመራ ልብወለድ ጸሐፊ ቢሆን ይህን ምስጢር እስከ መጨረሻው ገጽ ይሟገትለት ነበር። ሦስተኛው የበዓሉ ግርማ ነው። ቃሉ ከጣሊያንኛ ወደ አስመራ ሰዎች አፍ የገባ ሲሆን፣ ነገሩ አበቃ፣ አከተመ እንደማለት ነው። በዓሉ መጽሐፉን በ1975 ዓ.ም. ያወጣው በ1974 ዓ.ም. ስለተካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ነው። ጋዜጠኛው ጸጋዬ ኃይለማርያም አስመራ ሲገባ፣ ከፊያሜታ ጋር ሲዋደድ፣ ስለላና ፀረ ስለላ ዙሪያውን ሲተበተብበት፣ ዘመቻው ናቅፋ ላይ እንዴት እንደተደመደመ የሚያውቅ አንባቢ ሁሉ የጀልባዋን ቀዳዳ እያየ ነው የሚሳፈረው። ይሁን እንጂ መጽሐፉን ማስቀመጥ አይቻልም።

ስለ «ኦሮማይ» ይህን ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። መጽሐፉ እንደወጣ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። በ2017 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለንደንና ኒው ዮርክ ላይ ሲታተም ለውጭው አንባቢ የቀረበው እንደ ስለላ ልብወለድ ነው። ከማኅበራችን አባላት አንዱ ይህን ሲሰማ ቅር አለው፤ «በዓሉን ከተራ የሰላይ ታሪክ ጋር ደባለቁት» አለ። እኔ ግን ልክ ናቸው እላለሁ። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ስለላ ልብወለድ የሚለውን ስም ለማቃለያ ስለምንጠቀምበት «ኦሮማይ»ን በዚያ ስም መጥራት ይከብደናል።

እዚህ ላይ አንድ የራሴን ነገር መናዘዝ አለብኝ። ከዓመታት በፊት አንድ ተማሪ የይስማዕከ ወርቁን «ዴርቶጋዳ» ለመመረቂያ ጽሑፉ መርጦ መጥቶ ነበር። ርእሱን እንዲቀይር መከርኩት፤ ቀየረም፤ ምሳሌያዊ አነጋገሮችን ሰበሰበ። ጽሑፉ ደኅና ነበር፤ ማን እንዳነበበው ግን እንጃ። ያን ምክር ስሰጥ «ዴርቶጋዳ»ን እስከ መጨረሻው አላነበብኩትም ነበር።

«ዴርቶጋዳ» በ2001 ዓ.ም. ወጥቶ ደጋግሞ የታተመ፣ በ«ራማቶሓራ»ና በ«ዣንቶዣራ» የተከተለ ሥራ ነው። የጣናን ገዳማትና የጠፈር ሳይንስን፣ የጥንት ምስጢርንና የዘመኑን ስለላ በአንድ ሴራ ይገምዳል። የአሜሪካውን ዳን ብራውንን ያነበቡ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣውን የዳ ቪንቺን መጽሐፍ ይጠቅሱና «ያው እሱ ነው» ብለው ያልፉታል። ይህ የችኮላ ፍርድ ነው። ቶዶሮቭ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ ምናባዊ ሥነጽሑፍ በጻፈው መጽሐፉ የዚህ ዘር መለያ ማመንታት ነው ይላል፤ አንባቢው የተነገረው ነገር ተፈጥሯዊ ነው ወይስ ከተፈጥሮ በላይ እያለ የሚዋልልበት ጊዜ ማለት ነው። ታዲያ ማመንታቱ የት ላይ ነው? ፓሪስ የተቀመጠ አንባቢ መነኩሴው ላይ ያመነታል። የእኛው አንባቢ፣ ስውራን አሉ እየተባለ ያደገው፣ እገሌ ሞተ ሳይሆን ተሰወረ ሲባል የሰማው፣ አብሾ ጠጥተው መጽሐፍ በቃላቸው ያወረዱ ተማሪዎችን ወሬ ከአጎቱ አፍ የቀመሰው የጎጃም አንባቢ፣ መነኩሴው ላይ አያመነታም። እሱ የሚያመነታው ሮኬቱ ላይ ነው። ዕቃ ቤቱ ተቆልፎ ውስጡ ምን እንዳለ አለመታወቁ ለእርሱ የዕለት ነገር ነው፤ ያ ዕቃ ነገ ይበራል መባሉ ነው ተአምሩ። የይስማዕከ ትልቁ ግኝት ይህን ግልብጥ ማየቱ ነው፤ በትርጉም የመጣ ልብወለድ ይህን ሊሰጠን አይችልም።

ጉድለቱን ግን አልሸፍንም። የመጀመሪያው ንባብ አንድ ሌሊት ወሰደብኝ። ሁለተኛው ንባብ ሦስት ሳምንት ወሰደብኝ፤ እሱም በግድ። ምስጢሩ ከወጣ በኋላ የቀረኝ ሐይቁ ነበር፤ ሰዎቹ አልነበሩም። ሰብለ ወንጌል የምንኩስና ልብስ ለብሳ፣ ወንድ መስላ በዛብህን ፍለጋ ስትወጣ ግን አምስተኛ ጊዜም ሳነብ ደርሳ ባገኘችው እላለሁ፤ የምታገኘው ሊሞት ሲል እንደሆነ ከርእሱ ጀምሮ እያወቅሁ። ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በሬዲዮ ሲተርከው ያነበቡትም ሳይቀሩ ጆሯቸውን የሰጡት ለዚህ ይመስለኛል። የአንዱ መጽሐፍ ጥያቄ «ምን ተደብቋል?» ነው፤ የሌላው «ይህች ልጅ ምን ልትሆን ነው?» የሚል ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ሲያገኝ ይሞታል። ሁለተኛው መልስ ካገኘም በኋላ አይሞትም።

ይህን ሐሳብ በማኅበራችን ሳቀርብ ርእሶቹንም አነሣሁ። ሐዲስና በዓሉ ርእሳቸውን እንደ ተከፈተ በር ሲያቆሙት የአዲሱ ልብወለድ ርእሶች መዝገበ ቃላት ውስጥ የማይገኙ፣ የተቆለፉ ቃላት ናቸው፤ ሰም የሌለው ወርቅም የለውም አልኩ። መሪጌታው ሲሰሙኝ ቆይተው «እስቲ ርእሱን ድገምልኝ» አሉ። ደገምኩላቸው።

«ጋዳ በግዕዝ እጅ መንሻ ነው። ዴርቶውን ድሪቶ በለው። ድሪቶ የሚለብሰው ማነው?»

«መነኩሴ» አልኩ።

«እንግዲህ በመነኩሴ ድሪቶ የተጠቀለለ እጅ መንሻ ነዋ። መጽሐፉ ስለዚህ አይደለም እንዴ?»

ስለዚህ ነው። ቤቱ በሳቅ ተሞላ፤ የሣቁት በእኔ ነበር። «ራማቶሓራ»ንም ፈቱት፤ ራማ የመላእክት ከተማ፣ ሐራ ጭፍራ፤ መካከል ላይ ያለችው «ቶ» ምን እንደምትሠራ ግን ደራሲውን ጠይቁልኝ አሉ። ትንታኔው የአንባቢው እንጂ የመጽሐፉ አይደለም፣ ቁልፉን እርስዎ ከቤትዎ ይዘውት መጡ ብዬ ተከራከርኩ። «ቅኔስ ቢሆን?» አሉኝ፤ «ቁልፉን ከቤቱ ያላመጣ ሰው ምን ይሰማል?» እዚህ ላይ አቋሜን በከፊል አንሥቻለሁ። የተቆለፈ የመሰለኝ ርእስ ግዕዝ ለሰማ ጆሮ ገርበብ ያለ ነው። ይሁን እንጂ ግዕዝ ያልሰማው አብዛኛው አንባቢ መጽሐፉን በደጅ እንደሚያነበው አልጠራጠርም።

የከበደኝ መልስ የመጣው ግን ከመሪጌታው አልነበረም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ አንሥቶ በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታውጆ፣ ኢንተርኔት ተቋርጦ፣ መንገድ በየጊዜው እየተዘጋ በነበረበት ጊዜ ከአዲስ አበባ አዲስ መጽሐፍ አይመጣልንም ነበር። ስብሰባውም ወር እየዘለለ ነበር የሚካሄደው፤ ከተሰበሰብንም ቀን በቀን እንበተናለን። ማታ ተኩስ ይሰማል፤ ሲነጋ ምን እንደሚሰማ አይታወቅም። በዚያ ወቅት ብዙዎቻችን ያወጣነው የታወቁትን መጻሕፍት ነው። እኔም ይህን ለሐሳቤ ማስረጃ አድርጌ ቆጠርኩት፤ መጨረሻው የማይታወቅ ሌሊት ላይ ሰው መጨረሻውን የሚያውቀውን መጽሐፍ ይሻል ብዬ ተናገርኩ። ከተማሪዎቹ አንዷ፣ ብዙ የማትናገረው፣ ቡናዋን አስቀመጠች።

«መምህር፣ እርስዎ የሚያወድሷቸው መጻሕፍት ርእሳቸው ሁሉ መርዶ ነው» አለች። «መቃብር፣ ወንጀለኛ፣ አበቃ። በእነዚያ ወራት እኔ ‹ራማቶሓራ›ን ሁለት ጊዜ አነበብኩ። አላማረም ካሉ አላማረም ይበሉ። ግን ገና ያልሆነ ነገር ያለበት መጽሐፍ ሌላ የት አለን?»

መልስ አልሰጠኋትም። በርግጥ አንድ ቴክኒካዊ መልስ ነበረኝ፤ ስለ ገጸባሕርይ ቀረጻ፣ ስለ ሁለተኛ ንባብ፣ ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ። ለጥያቄዋ ግን አይሆንም። እሷ የጠየቀችው ስለ ትንቢታዊ ጊዜ ነው፤ ከላይ የጠቀስኳቸው የሐዲስና የበዓሉ ሥራዎች ኀላፊ ጊዜን በማይደረስበት ብቃት ሲገሩት የትንቢት ግሡን ለሰባኪና ለካድሬ ትተውታል። ሳይንሳዊ ልብወለድ፣ ምንም ያህል ሸካራ ቢሆን፣ ያን ግሥ ወደ ልብወለድ መልሶታል። ሮኬቱ ጣና ላይ መነሣቱ ሳይሆን አንድ የእኛ ሰው ነገ የሚባለውን ነገር በእጁ መያዙ ነው ልጅቱን ሁለት ጊዜ ያስነበባት። ደካማ የሆነው ገጸባሕርይ በዚህ ንባብ ሌላ ሥራ አለው፤ ሰው ሆኖ ሳይሆን ቦታ ያዥ ሆኖ የቆመ ነው፤ አንባቢዋ ራሷን ታስቀምጥበታለች። ያም ሆኖ ይህን በቁጥር አንድ ጉድለትነት ከመመዝገብ አልታቀብም፤ ቦታ ያዡ አንድ ቀን ሰው መሆን አለበት፤ ነገን የሚይዘው ሰው እንደ ሰብለ የሚያሳዝን፣ እንደ ጉዱ ካሣ የሚያናድድ ሲሆን ያን ጊዜ የሁለቱ ጥያቄዎች መጽሐፍ ይኖረናል።

ልጅቱ አሁን በርእሶች ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ እያዘጋጀች ነው፤ «ዴርቶጋዳ»ም «ኦሮማይ»ም አሉበት፤ አማካሪዋ እኔ ነኝ። መሪጌታው ሁለቱን መጻሕፍት ጨርሰው ሦስተኛውን ጠይቀውኛል። ያለን አንድ ቅጂ ቢቸና ሄዶ የቀረ አንድ አባላችን ዘንድ ነው፤ መንገዱ ሲከፈት ይልከዋል። እስከዚያ መሪጌታው «ዣንቶዣራ»ን ከርእሱ እየፈቱት ነው፤ ዣን ንጉሥ ነው ብለዋል፤ ቀሪውን ሲያገኙ ይነግሩናል።