ኤኮው ይቀነስልን

ስለ ዘፋኞቻችን ብዙ ተብሏል፤ ስለ ልብሳቸው፣ ስለሚዘገዩበት ሰዓት፣ ስለ መግቢያው ዋጋም እንዲሁ። ዛሬ ደግሞ ከመድረኩ ትይዩ፣ ብዙውን ጊዜ ከመጸዳጃ ቤቱ በር አጠገብ፣ ሚክሰሩን ይዞ ስለሚቆመው ሰው እናንሳ። ስሙ በፖስተሩ ላይ አይወጣም። ድምፁ ሲበላሽ ብቻ ሁሉም ዞሮ ያየዋል።

በግሪንቪል አቬኑና በጋርላንድ በኩል ቅዳሜ ማታ ዘፈን የምንሰማባቸው ቤቶች አብዛኞቹ ለዘፈን የተሠሩ አይደሉም። ምግብ ቤቶች ናቸው፤ ወለላቸው ጠንካራ፣ የፊት ግድግዳቸው መስታወት፣ ጣራቸው ዝቅ ያለ። እንዲህ ባለ ክፍል ድምፅ ከስፒከር ወጥቶ አንድ ጊዜ ጆሮ ደርሶ አያበቃም፤ ከመስታወቱ ተመልሶ፣ ከወለሉ ነጥሮ ደጋግሞ ይመጣል። ቤቱ ራሱ ኤኮ አለው ማለት ነው። እኛ ደግሞ በላዩ ሌላ እንጨምርበታለን። ዘፋኙ ማይኩን እንደጨበጠ የመጀመሪያ ቃሉ «ኤኮ ጨምርልኝ» ነው። አንዳንዱ ኤኮ የሚወደው የድምፁን ስንጥቅ ስለሚሸፍንለት ነው፤ ይህን በማለቴ የሚቀየሙኝ አይጠፉም። ትዝታ ሲዘፈን ጥቂት ኤኮ እንደሚያምር አልክድም። ለጉራጊኛው ፈጣን ምት ግን ጭቃ ነው።

ነገሩ የጆሮ ምቾት ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩ። አማርኛ በማጥበቅና በማላላት ትርጉም የሚለውጥ ቋንቋ መሆኑን ያውቃሉ። «አለ» ላልቶ ሲነገር ተናገረ ማለት ነው፤ ሲጠብቅ መኖርን ያመለክታል። «ገና» ሲላላ ያልደረሰ ነገር ነው፤ ሲጠብቅ የልደት በዓል። ፊደላችን ይህን ለይቶ አይጽፍም፤ የሚለየው ጆሮ ነው። ሰምና ወርቅም ብዙ ጊዜ የሚሸሸገው እዚሁ ላይ ነው። በሚጠብቀውና በሚላላው ፊደል መካከል ያለው የጊዜ ልዩነት ከሩብ ሴኮንድ ያነሰ ነው፤ ሁለት ሴኮንድ የሚጎተት ኤኮ ሲጫንበት ምን እንደሚተርፈው ይገምቱ። ሰሙ ቀልጦ ወርቁ መውጣት ሲገባው ሁለቱም አብረው ይቀልጣሉ።

አዝማሪ ቤትን ያስታውሱ። ማይክ የለም፤ አንድ ማሲንቆ፣ አንድ ድምፅ። ታዳሚው «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪው ተቀብሎ ይመልሳል። ይህ እንዲሆን አዝማሪው ታዳሚውን መስማት አለበት። ስፒከሩ በሚጮህበት ቤት ማን የማንን ይቀበላል? ማሲንቆው ራሱ ሲያፏጭ ሰምተው ይሆናል። ድምፁ ለስላሳ ስለሆነ ማይኩ ከፍ ይደረግለታል፤ ማይኩ ደግሞ የስፒከሩን ድምፅ መልሶ ይውጣል፤ ፊድባክ ይሉታል። መድኃኒቱ ኪቦርዱንና ከበሮውን ዝቅ ማድረግ ነበር። ኪቦርዲስቱን ዝቅ በል ብሎ ማን ይድፈር!

በዲፕ ኤለም ክለቦች የሮክ ባንድ ሲያስተካክል የኖረ ፈረንጅ ቢቀጠር ሥራውን ያውቃል፤ ከትልቁ ከበሮ ጀምሮ ድምፁን እየገነባ ይሄዳል። ቃሉ ተሰማ አልተሰማ ግን አያውቅም። የእኛው ልጅ ቃሉን ያውቃል፤ የእርሱ ችግር የአለቃ ብዛት ነው። ባለቤቱ፣ ዘፋኙ፣ የዘፋኙ ጓደኛ፣ ሁሉም «ጨምር» ይለዋል።

በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ዋልያስ ባንድ በአዲስ አበባ ሒልተን ሲጫወት ለዓመታት እዚያው ቤት ነበርና የቤቱን ጠባይ ተለማምዶታል። እዚህ ግን ዘፋኙ ብዙ ጊዜ ከሌላ ከተማ በአውሮፕላን መጥቶ አንድ ሌሊት ተጫውቶ ይሄዳል። ቤቱን የሚያውቀው ያ ጥግ ላይ የቆመው ሰው ብቻ ነው፤ እኛ ደግሞ የመጨረሻውን ቃል ለእንግዳው ሰጥተናል። ጊዜም አንሰጠውም። በቴክሳስ ሕግ መጠጥ የሚሸጠው ቢበዛ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፤ እኛ የምንደርሰው በ6 ሰዓት። በባዶ ቤት የተስተካከለ ድምፅ ሰው ሲሞላ ይለወጣል፤ የሰው ገላና ልብስ ቀጭኑን ድምፅ ይመጥጣል። ስለዚህ የመጀመሪያው ዘፈን የእርሱ የማስተካከያ ጊዜ መሆን ነበረበት። እኛ ግን ያኔውኑ «ሞቅ አድርገው» እንለዋለን።

ሞቅታው ዋጋ አለው። ናዮሽ የሚባለው የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ምርምር ተቋም ለሠራተኛ ጆሮ የሚመክረው ወሰን በቀን ለ8 ሰዓት 85 ዴሲቤል ነው። ድምፁ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ በ100 ዴሲቤል 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 ለመዝናኛ ቦታዎች ባወጣው መመዘኛ የ15 ደቂቃ አማካዩ ከ100 ዴሲቤል እንዳያልፍ ብሏል። እርስዎ ወጥተው መኪና ውስጥ ያርፋሉ። ትሪ ይዛ በስፒከሩ ፊት የምትመላለሰው አስተናጋጅ ግን በሚቀጥለው ቅዳሜም እዚያው ናት፤ ሳውንድ ማኑም እንደዚሁ፤ የእርሱ ጆሮ ደግሞ እንጀራው ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሲሄዱ ከስፒከሩ ሥር ሳይሆን ከሚክሰሩ አጠገብ ያለውን ጠረጴዛ ይያዙ። አንድ ስንኝ ካመለጠዎት፣ በዘፈኖቹ መካከል ጠጋ ብለው «ወንድሜ፣ ቃሉ አልተሰማኝም» ይበሉት። እንዲህ ያለው ሰው እስካሁን ብዙ አላጋጠመውም።