እርግዝናና የአካል እንቅስቃሴ፦ መመሪያው ያልጠየቀው ጥያቄ

የአሜሪካ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣው መመሪያ የነፍሰ ጡር የልብ ምት በእንቅስቃሴ ጊዜ በደቂቃ ከ140 እንዳይበልጥ ወስኖ ነበር፤ ገደቡ በ1994 ተነሥቷል። የዓለም የጤና ድርጅት የ2020 መመሪያ ደግሞ ከልካይ የጤና ችግር የሌለባት ነፍሰ ጡር በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንድታደርግ ይመክራል።

ምክሩ በጥናት የተደገፈ ነው። በእርግዝና ወቅት የሚከሰተውን የስኳር በሽታና የደም ግፊት እንደሚቀንስ፣ የሕፃኑንም የልደት ክብደት እንደማይጎዳ ማሳየቱ መሠረት የለሽ ፍርሃትን ያስወግዳል።

ጉድለቱ ግን ደቂቃን ቆጥሮ ሸክምን አለመመዘኑ ነው። ውኃ ቀድታ፣ ማገዶ ተሸክማ ዳገት የምትወጣ የገጠር እናት 150ውን ደቂቃ በጥቂት ቀናት ትጨርሳለች። ማስረጃው ግን በአብዛኛው የተገኘው በፈቃድ፣ በዕረፍትና በበቂ ምግብ ታግዞ ከሚደረግ ስፖርት ነው። በአንጻሩ ከባድ ነገር ማንሣትና ለረጅም ሰዓት መቆም ያለጊዜው ከመውለድ ጋር እንደሚዛመዱ ጥናቶች ያመለክታሉ።

ስለዚህ የጤና ባለሙያው ከምክሩ በፊት የእናቲቱን ውሎ ሊጠይቅ ይገባል። ቀኑን ተቀምጣ ለምትውል የቢሮ ሠራተኛ የእግር ጉዞ ይታዘዝላት፤ ለባለ እንስራዋ ግን ሸክሟን የሚያቃልልላት ባልና ቤተሰብ አብረው ይመከሩ። ደም መፍሰስ፣ የሽርት ውኃ መፍሰስ፣ የደረት ሕመም ወይም ማዞር ሲታይ እንቅስቃሴውን አቁማ በአስቸኳይ ወደ ጤና ተቋም እንድትሄድ ለሁሉም ይነገር።