አህያውን ፈርቶ ዳውላውን፤ ስለ ቪዲዮ ጨዋታና ስለ ግድያ የሚደረገው ክርክር

በአሜሪካ አንድ ወጣት ጠመንጃ ይዞ ትምህርት ቤት ገብቶ ጓደኞቹን የገደለ እንደ ሆነ፥ ብዙ ጊዜ የሟቾቹ ቀብር ሳይፈጸም የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ልጁ የሚጫወተው ምን ዓይነት የቪዲዮ ጨዋታ ነበር?» የሚል ነው። በ1999 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በኮሎራዶ በኮሎምባይን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሁለት ተማሪዎች በአንድ ቀን 12 ተማሪዎችንና አንድ መምህር በገደሉ ጊዜ፥ ገዳዮቹ «ዱም» የተባለውን የተኩስ ጨዋታ ያዘወትሩ እንደ ነበር ታወቀ። ከዚያ ወዲህ ክሱ በየጊዜው እየታደሰ ይሰማል።

ይህን ክስ የምንመረምረው ጨዋታዎቹን ለማመስገን አይደለም። ከነሱ መካከል የሰውን አካል መቈራረጥን እንደ ችሎታ የሚያስቈጥሩ አሉ፤ እነዚህን ለዐሥር ዓመት ልጅ ገዝቶ የሚሰጥ ወላጅ በእኛ ዘንድ ከወቀሳ አያመልጥም። ይሁን እንጂ አስጸያፊ መሆንና ነፍስ ማስጠፋት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ በሁለተኛው ለመክሰስ ከመጀመሪያው የበለጠ ማስረጃ ያስፈልጋል።

ለመሆኑ ማስረጃው ምንድን ነው? አዘውትረው ከሚጠቀሱት ጥናቶች አንዱ ክሬግ አንደርሰንና ካረን ዲል በ2000 ያሳተሙት ነው። በዚህ ጥናት ከተማሪዎች አንዱ ወገን የተኩስ ጨዋታ፥ ሌላው ወገን ተኩስ የሌለበት ጨዋታ ከተጫወተ በኋላ የፍጥነት ውድድር እንዲያደርጉ ተደረገ፤ ያሸነፈው በተሸናፊው ጆሮ ላይ የሚረብሽ ጩኸት ይለቃል። የተኩሱን ጨዋታ የተጫወቱት፥ አንድ ጊዜ ከተሸነፉ በኋላ፥ ጩኸቱን ረዘም አድርገው ለቀቁ። ክሪስቶፈር ፈርጉሰንን የመሳሰሉ ተቺዎች ይህ የጩኸት መለኪያ ራሱ ወጥ አይደለም ብለው ተከራክረዋል። እኛ ግን መለኪያው ትክክል ነው ብለን እንቀበለው። የተለካው ነገር በእንግሊዝኛ «አግሬሽን» ይባላል፤ በአማርኛ ጠበኝነት ብንለው ይቀርበዋል። ጋዜጣው ይህንኑ ቃል ተቀብሎ ግድያ ብሎ ያነበዋል። የክርክሩ ሁሉ ስሕተት የተጠነሰሰው በዚህች የቃል መንሸራተት ላይ ይመስለናል። አንድ ተማሪ የጩኸቱን ቍልፍ ጥቂት አብዝቶ በመጫኑና አንድ ወጣት ጠመንጃ ገዝቶ፥ ቦታ መርጦ፥ ቀን ቈርጦ ሰው በመግደሉ መካከል ያለውን ርቀት ማንም በላቦራቶሪ አልለካውም።

የአሜሪካ የሥነ ልቡና ማኅበርም በ2020 ባወጣው ውሳኔ ይህንኑ ለይቷል። ጨዋታዎቹ እንደ መጮኽና መገፋፋት ካለው ጠባይ ጋራ አነስተኛ ግንኙነት እንዳላቸው ከገለጸ በኋላ፥ ለከባድ ግፍ መንሥኤ ናቸው ለማለት በቂ ማስረጃ የለም ብሏል። ከዚያ በፊት በ2019 አንድሩ ፕሪዝቢልስኪና ኔታ ዋይንስቲን 14ና 15 ዓመት የሆናቸውን 1,004 የብሪታንያ ወጣቶች መርምረው ነበር። የልጆቹን ጠባይ ከልጆቹ አፍ ብቻ ሳይሆን ከአሳዳጊዎቻቸው ጠይቀዋል፤ የሚፈልጉትንም አስቀድመው በጽሑፍ አስመዝግበዋል። በጨዋታውና በጠበኝነቱ መካከል ግንኙነት አላገኙም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀን ግን በ2002 የወጣው የአሜሪካ ሴክሬት ሰርቪስና የትምህርት ሚኒስቴር ጥናት ነው። በትምህርት ቤት ጥቃት ያደረሱ 41 ሰዎች ተመርምረው፥ የግፍ ጨዋታ ይወዱ የነበሩት 12 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ። በመጽሐፍ 24፥ በሲኒማ 27 በመቶዎቹ ስለ ግፍ ፍላጎት አሳይተዋል። ከሁሉ የሚበልጠው ክፍል፥ ማለት 37 በመቶው፥ ፍላጎቱን የገለጠው ራሱ በጻፈው ጽሑፍ ነው። እንግዲህ በዚህ አኳኋን የሚፈረድ ከሆነ ከጨዋታው በፊት እርሳስና ወረቀት ሊከለከል ነው ማለት ነው።

ታዲያ ማስረጃው እንዲህ የሳሳ ሲሆን ክሱ የማይሞተው ለምንድን ነው? በኦገስት 2019 በቴክሳስ በኤል ፓሶ ከተማ በአንድ የዎልማርት መደብር ውስጥ በተደረገው ተኩስ 23 ሰዎች ሞቱ። በገዳዩ ስም ከጥቃቱ በፊት የተሰራጨው ጽሑፍ ከላቲን አሜሪካ በመጡ ሰዎች ላይ ጥላቻን የሚነዛ ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ ፕሬዚዳንት ትራምፕ ባደረጉት ንግግር የቪዲዮ ጨዋታዎችን ከሚወቀሱት መካከል ቈጠሩ፤ ዎልማርትም የግፍ ጨዋታዎችን ማስታወቂያ ከመደብሮቹ እንዲነሣ አዘዘ። ጠመንጃው ግን ከመደርደሪያው አልወረደም። በሚቀጥለው ወር የሽጉጥ ጥይት መሸጥ እንደሚያቆም አስታውቋል፤ ይህን ሳንጠቅስ ማለፍ ፍትሕ አይሆንም። አባቶቻችን አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚሉት ለዚህ ዓይነቱ ነው። ስለ ጠመንጃ ሕግ መነጋገር ድምፅና ወዳጅ ያሳጣል፤ ጨዋታን መውቀስ ግን ምንም አያስከፍልም።

ወቀሳውም ለሁሉ እኩል አይሰጥም። ከ200,000 በላይ የጋዜጣ ዜናዎችን የመረመረ ሌላ የ2019 ጥናት እንዳሳየው፥ በትምህርት ቤት የተኰሰው ነጭ በሆነ ጊዜ የቪዲዮ ጨዋታ የሚነሣው ጥቁር ከሚሆንበት ጊዜ ይልቅ ስምንት እጥፍ ነው። የነጩን ልጅ ጨዋታው አሳሳተው ይባላል፤ ለጥቁሩ ግን አሳሳች አይፈለግለትም።

ይህን ሁሉ ስንል ጠበቆቹንም አናልፋቸውም። ጨዋታ ሠሪዎቹ ዕቃቸውን ሲሸጡ ልብን የሚይዝ፥ እውነት የሚመስል ነው ይላሉ፤ ሲከሰሱ ደግሞ በሰው ልብ ላይ ምንም ኀይል የሌለው ተራ መዝናኛ ይሆናል። ሁለቱን ባንድነት መያዝ አይቻልም። ብዙ ጊዜ የሚጠቅሱትም የ2011 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርድ እነሱ እንደሚሉት አይደለም። ካሊፎርኒያ በ2005 የግፍ ጨዋታ ለልጆች እንዳይሸጥ ያወጣችውን ሕግ ፍርድ ቤቱ 7 ለ2 ሲሽረው፥ የፈረደው ጨዋታ የመናገር ነጻነት ጥበቃ ይገባዋል፥ የቀረበውም ማስረጃ መንሥኤነቱን አያረጋግጥም ብሎ ነው፤ ጕዳት የለውም አላለም። ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ስካሊያ የግሪም ወንድማማቾች ተረቶችም በግፍ የተሞሉ መሆናቸውን አስታውሰዋል፤ በእርግጥም ሐንሰልና ግሬተል ጠላታቸውን እምድጃ ውስጥ ጨምረው ያቃጥላሉ። ነገር ግን ተረት የሚሰማ ልጅና የምድጃውን በር በራሱ እጅ የሚዘጋ ልጅ አንድ ናቸው ወይ? ከፍርዱ የተለዩት ዳኛ ብሬየር ከዚህ የጠነከረ ጥያቄ አቅርበዋል፤ ይኸውም የራቍት ሴት ሥዕል ያለበትን መጽሔት ለ13 ዓመት ልጅ መሸጥ በሕግ ሲከለከል፥ ያችኑ ሴት አስሮ አሠቃይቶ የሚገድልበትን ጨዋታ መሸጥ የሚፈቀደው በምን ምክንያት ነው? የሚል ነው። ብዙኃኑ ዳኞች የሰጡት መልስ፥ አሜሪካ የመጀመሪያውን የመከልከል ልማድ አላት፥ ሁለተኛውን የመከልከል ልማድ ግን የላትም የሚል ነው።